«ለፍላይ ብቻ» ለተባለ ውሃ የገዛሁት ሳጥን

ሳጥኑ ላይ በትልቁ «ሙሉ የፍላይ ፊሺንግ ዕቃ» ተብሎ ተጽፏል፤ ፍላይ ፊሺንግ ማለት ከላባና ከክር በተሠራች ዝንብ ዓሣ ማጥመድ ነው። አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ጋር በስልክ ተነጋግረን 8,500 ብር ላክሁለት፤ እሱም በአውቶቡስ ጭኖ ጅማ መናኸሪያ አደረሰልኝ። ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ በአሰንዳቦ በኩል ወርጄ ጊልገል ጊቤ ግድብ ላይ ብዙ ቀን ወርውሬበታለሁ። አንድ ጊዜ ባሌ ድረስ ሄጄ ዌብ ወንዝ ላይ ሞክሬዋለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ እህቴን ልጠይቅ ስሄድ አሜሪካ፣ ፔንስልቬንያ ድረስ ይዤው ተጉዣለሁ። ከሳጥኑ የቀረኝ የለም፣ አንድ በአንድ ፈትቼ አይቼዋለሁ።

ለቸኮለ ሰው መጀመሪያ ፍርዴን ልስጥ። ዘንጉና ገመዱ ገንዘባቸውን ያወጣሉ። ከቀረው ዕቃ ውስጥ ግን አብዛኛው በፍላይ ብቻ እንዲጠመድበት በተከለለ ውሃ ላይ መውጣት የሌለበት ነው። አንዳንዱማ ውሃ ውስጥ ባይገባም ኪስ ውስጥ መገኘቱ ብቻ ያስጠይቃል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፣ ማሸጊያው ላይም የለም። እኔ ያወቅሁት ከአገሬ ርቄ ወንዝ ዳር ቆሜ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ወይም ዘመዱ «ና እናጥምድ» ያለው ሰው እንደ እኔ እንዳይሆን ብዬ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ሥራዬ ሰዓት ጥገና ነው፤ ጅማ መርካቶ ውስጥ ከአንድ ወርቅ ሠሪ አጠገብ ትንሽ ቤት አለችኝ። ወረንጦ፣ ፒንሳ፣ ትንሿ ሞርሳና አጉሊ መነጽር ሁልጊዜ ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ይህን የምናገረው ከዚህ በታች ስለ ጥቃቅን ነገር ብዙ ስለማወራ ነው።

የፍላይን ነገር ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። በተለመደው ማጥመጃ የሚወረወረው ጫፉ ላይ ያለው እርሳስ ወይም ብረት ነው፤ ቀጭኑ ናይለን እሱን ተከትሎ ይሄዳል። በፍላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጫፉ ላይ ያለችው ከላባና ከክር የተሠራች ዝንብ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል፤ የሚወረወረው ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱ ወፈር ያለ፣ ላዩ የተለበጠ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። እንደ ጅራፍ ወደ ኋላ ትዘረጋዋለህ፣ እስኪዘረጋ ትታገሣለህ፣ ከዚያ ወደ ፊት ትሰደዋለህ። በልጅነቱ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ሰው እጁ ቶሎ ይለምደዋል፤ ልዩነቱ እዚህ ጅራፉ መጮህ የለበትም። ከጮኸ ዝንቧ ተበጥሳ ሄዳለች ማለት ነው።

እንግዲህ «ለፍላይ ብቻ» የሚባለው ውሃ ላይ ሕጉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፦ የሚወረወረው ገመዱ ይሁን፣ ጫፉ ላይ ያለው የተጠመጠመ ላባና ክር ይሁን፣ ዓሣ ማባበያ የሚሆን የሚበላ ነገር አይኑር። ሳጥን ላይ የተለጠፈ ጽሑፍ እዚያ ዋጋ የለውም።

ወደ ወንዙ ልመለስ። መስከረም ላይ ነበር። ፈቃድ አስቀድመን አውጥተናል፤ ፔንስልቬንያ ውስጥ 16 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ትራውት ለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ደግሞ ተጨማሪ ፈቃድ አለ። ዛፍ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በፍላይ ብቻ፣ የተያዘውም ይለቀቅ ይላል። ሳጥኔ ላይ ያለውን ቃል ስላየሁ ልቤ ሞላ። ዕቃዬን ሣሩ ላይ ዘርግቼ መገጣጠም ስጀምር የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?»

«ከሳጥኑ ነዋ። ምነው?»

«ይህቺን ብልቃጥ መኪና ውስጥ እንመልሳት። ይህንን ጥቅልልም። እነዚህን የጎማ ትሎችም።»

«ለምን? ፍላይ ይላል'ኮ።»

«ይላል ጋሼ፤ ግን እዚህ አይሆንም። ሰው ቢያይም ባያይም ክልክል ነው።»

ይህን እየተነጋገርን ሳለ የውሃው ተቆጣጣሪ መጣ። ሰላምታ ሰጠን፣ ፈቃዳችንን አየ፣ ከዚያ ሳጥኑን እንድከፍትለት ጠየቀኝ። ዕቃውን አንድ በአንድ እያነሣ ይሄ ይሆናል፣ ይሄ አይሆንም አለኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ገና ውሃ ውስጥ ምንም ስላላስገባሁ፣ የተከለከለውን ሁሉ መኪና ውስጥ ቆልፌ እንድመለስ ነግሮኝ ሄደ። ጠዋቱን ሙሉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የእህቴን ልጅ ሳይ ዋልሁ። ሰዓት ሠሪ ሰው ነኝ፤ ያልተመረመረ ዕቃ ለደንበኛ ሰጥቼ አላውቅም። የራሴን ዕቃ ሳልመረምር ባሕር ማሻገሬ ውስጤን አቃጠለው። ከሰዓት በኋላ ልጁ የራሱን ዘንግ ሰጠኝ፤ አንድ ቡናማ ትራውት ይዤ በእጄ ውሃ ውስጥ ደግፌ ለቀቅሁት። ጭራውን ሁለት ጊዜ ወዝወዝ አድርጎ ድንጋይ ሥር ገባ።

ማታ እራት ላይ ሕጉን አብረን አነበብነው። እኔ በሚገባኝ መንገድ ልንገራችሁ። በፔንስልቬንያ የፍላይ ውሃ ላይ ዘንጉም፣ መጠቅለያውም፣ ገመዱም የፍላይ መሆን አለባቸው። ጫፉ ላይ የሚቀጠለው ቀጭን ናይለን ከ18 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ 5 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ስፒኒንግ የሚባለው፣ ጫፉ ላይ ያለው ክብደት የሚወረወርበት የተለመደው ዘንግና መጠቅለያ ክልክል ነው። ዝንቧ በአንዲት መንጠቆ ላይ የተሠራች፣ አካሏም በመንጠቆዋ ዙሪያ የተጠመጠመ መሆን አለበት። በቅርጽ የፈሰሰ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ነፍሳት፣ ትል፣ የዓሣ እንቁላል፣ እነዚህ ሁሉ አይሆኑም። ለማባበያ የሚሆን የሚበላ ነገር ደግሞ መጠቀም ብቻ ሳይሆን መያዝም ክልክል ነው። ሜይን የምትባለው ግዛትም ዝንብን የምትፈታው በተመሳሳይ መንገድ ነው፦ አንድ ጫፍ ያላት መንጠቆ፣ ላባ ወይም ፀጉር ወይም ክር የለበሰች፣ ሌላ መንጠቆም ሆነ የሚሽከረከር ብረት ያልተቀጠለባት። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንደ ማዲሰንና ፋየርሆል ያሉት ወንዞች ለፍላይ ብቻ ናቸው፤ እዚያ ደግሞ መንጠቆው ጥርስ አልባ (ወደ ኋላ የምትመለሰው ስለት የሌለችው)፣ ክብደቱም ከእርሳስ ነፃ መሆን አለበት። እያንዳንዱ ውሃ የራሱ ዝርዝር አለው፤ የአንዱን ደንብ ይዞ ሌላው ዘንድ መሄድ አያዋጣም። የዕለቱን ደንብ ከዚያው ከአካባቢው ማንበብ ግድ ነው።

አሁን ወደ ሳጥኑ።

ዘንጉ 9 ጫማ ነው፣ 2 ሜትር ከ74፤ በአራት የሚከፈል፣ ለቁጥር 5 ገመድ የተሠራ። በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አልጠበቅሁም። ይለመጣል፣ ግን ቶሎ ይቆማል። አንድ ችግር አለው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል የሚጋጠሙበት ቦታ ላላ ይላል፤ ግድቡ ላይ በሁለተኛው ቀን ጫፉ ተነቅሎ ገመዱ ላይ ተንሸራቶ ሄደ። መጋጠሚያውን ሻማ ቀባሁት፣ ከዚያ ወዲህ አልወጣም። ከመወርወር በፊት በየሰዓቱ በእጅ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል።

ገመዱን ሳልፈትሽ አላልፍም ብዬ ወርቅ ሠሪው ጎረቤቴ ዘንድ ይዤው ገባሁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የፍላይ ገመድ ቁጥር የሚወጣለት በመጀመሪያው 30 ጫማ ክብደት ነው። ለቁጥር 5 ገመድ ልኩ 140 ግሬን፣ በእኛ 9.1 ግራም አካባቢ ነው፤ ከ8.7 እስከ 9.5 ግራም ያለውን መመዘኛው ይቀበለዋል። ርካሽ ገመድ ቁጥሩ ላይ መዋሸት ይወዳል ሲሉ ሰምቼ ነበር። ሱቁ ፊት ለፊት መሬት ላይ 9 ሜትር ከ14 ለክቼ በክር ምልክት አሰርሁ፤ ከዚያ ምልክት የተደረገውን ያህል የወርቅ ሚዛን ሳህን ላይ ጠቅልለን አስቀመጥነው፤ የቀረውን ጎረቤቴ ሚዛኑን እንዳይጫነው በእጁ ያዘልኝ። 8.9 ግራም። ሦስት ጊዜ መዘንነው፣ አልተለወጠም። ገመዱ ሐቀኛ ነው። ርዝመቱ ግን አጭር ነው፤ ከዳር እስከ ዳር 21 ሜትር ብቻ። ለዌብ ወንዝ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ግድብ ላይ ነፋስ ሲነሣ ግን ይታወቃል።

የፍላይ መጠቅለያው ብረት መስሎኝ ነበር፣ ፕላስቲክ ነው። ከፈትሁት። ውስጡ ጥርስና ክሊክ፣ ከኋላው አንዲት ሞላ፤ ያው የሰዓት መሙያ ላይ ያለው ዓይነት አሠራር ነው፣ ቀላልና ሊጠገን የሚችል። የክሊኩ ጫፍ ላይ ከመቁረጫው የቀረ ሸካራ ነገር ስለነበር ዓሣ ሲስብ ይነክሳል፤ በሰዓት ሞረድ ሁለት ጊዜ አሸት አሸት አድርጌ ጠብታ ዘይት ሰጠሁት፣ ድምፁ ልስልስ አለ። ይህን በራሱ ማድረግ የማይችል ሰው ማንኛውም ሰዓት ጠጋኝ ዘንድ ቢወስደው በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ከዚህ በኋላ ነው ሳጥኑ የሚያሳዝነው።

ሁለተኛ መጠቅለያ አለ፣ «ስጦታ» ተብሎ የተጨመረ። ስፒኒንግ ነው። ከሱ ጋር ውሃ የሚሞላ ብርሃን አስተላላፊ ኳስ አለ፤ ዝንቧን ከኳሱ ኋላ አስሮ ለመወርወር። ዘዴው ይሠራል፣ ግድብ ላይ አይቼዋለሁ። ግን ያን ጊዜ የሚወረወረው ኳሱ ነው እንጂ ገመዱ አይደለም፤ ለፍላይ ብቻ በተባለ ውሃ ላይ ቦታ የለውም። ተዘጋጅቶ የመጣው ጫፍ ናይለን ደግሞ 7 ሜትር ነው። ማን እንዲህ እንዳስረዘመው አላውቅም፤ ፔንስልቬንያ ላይ ብቻውን ያስቀጣል። ቆርጬ 2 ሜትር ከ70 አደረግሁት፤ ለመወርወርም የበለጠ ተመቸኝ። ብልቃጧ ውስጥ ያለው የሚሸት ሊጥ ነው። ሌላ ምንም አልልም፤ ሳትከፍቱ ቤት ተዉት።

እንክብል ክብደቶቹ ያሉባት ቆርቆሮ ላይ ከምን እንደተሠሩ አልተጻፈም። አንዷን ወረቀት ላይ ሳብ አደረግኋት፤ እንደ መጻፊያ እርሳስ ግራጫ መስመር ጣለች፣ በጥፍሬም ተጫረች። እርሳስ ናት። እንግሊዝና ዌልስ ከ0.06 ግራም እስከ 28.35 ግራም ያለውን የእርሳስ ክብደት ከማጥመጃ ላይ በ1987 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) ያገዱት የውሃ ወፎች፣ በተለይ ስዋን የሚባለው፣ ከወንዝ ሥር ጠጠር መስሏቸው እየዋጡት በመርዙ ስለሚሞቱ ነው። ጅማ አጠገብ ባለው ቦዬ ረግረግ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚያርፉትን ወፎች ሳይ ይህ ነገር ትዝ ይለኛል። ሕግ ኖረም አልኖረም ያቺን ቆርቆሮ ወደ ውሃ ይዤ አልወጣም።

ዝንቦቹን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘርግቼ ቆጠርኋቸው፦ 36 ናቸው። 13ቱ በቅርጽ የፈሰሱ የጎማ ጉንዳን፣ ፌንጣና ትል። 4ቱ የዓሣ እንቁላል የሚመስሉ ዶቃዎች። 5ቱ ላባ ለብሰዋል፣ ግን መንጠቋቸው ሦስት ጫፍ ነው። በትክክል ዝንብ ሊባሉ የሚችሉት 14 ብቻ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ሁሉም ባለጥርስ ናቸው።

እዚህች ጥርስ ላይ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ ዓሣውን የምትነካው እሷ ናትና። የመንጠቆ ጥርስ ማለት ከጫፉ ትንሽ ዝቅ ብላ ወደ ኋላ የምትመለሰው ስለት ናት። ስትገባ አትታወቅም፤ ስትወጣ ነው ሥጋ የምትቀድደው። ዓሣው የሚበላ ከሆነ ምንም አይደለም። የሚለቀቅ ከሆነ ግን መንጠቆውን ለማውጣት በእጅ ይዞ መታገል ይመጣል፤ ከውሃ ውጭ ይቆያል፣ ከንፈሩ ይቀደዳል፣ ቆዳው ላይ ያለው የሚያንሸራትት ልባስ በደረቅ እጅ ይገፈፋል። ጥርስ የሌላት መንጠቆ ውሃ ውስጥ እንዳለ በሁለት ጣት ገፋ ስትደረግ ትወጣለች። የሚበላ ነገር የተከለከለበትም ምክንያት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ ትል የሰጠኸው ዓሣ ይውጠዋል፣ መንጠቆው ጉሮሮው ወይም ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ እንዲህ የተወጋ ዓሣ ቢለቀቅም ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ላባ የሰጠኸው ግን አፉ ላይ እንዳገኛት ይተፋታል፤ ስለዚህ የሚያዘው ባብዛኛው ከንፈሩ ላይ ነው።

ጥርሱን ለማጥፋት መንጠቆ መግዛት አያስፈልግም። አፈ ጠፍጣፋ ትንሽ ፒንሳ ውሰዱ። መንጠቆዋን በጎን አትጨምቋት፣ ትሰበራለች፤ ፒንሳውን ከጫፏ አቅጣጫ ጋር እኩል አድርጋችሁ፣ ጥርሷን ብቻ ነክሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። ቀጭን «ጥርቅ» የምትል ድምፅ ትሰማለች። ከዚያ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ የቀረ ጉብታ ካለ ዞር አድርጋችሁ ድገሙት። መፈተኛዬ አሮጌ ነጠላ ነው፤ መንጠቆዋን በነጠላው ውስጥ ወግቼ መልሼ እስባታለሁ። ክር ይዛ ከመጣች ገና ናት። ሳትያዝ ሾልካ ከወጣች ለዓሣም እንዲሁ ትወጣለች። ከ14ቱ ሁለቱ ተሰበሩብኝ፣ ብረታቸው ክፉ ነው። 12ቱ ነጠላውን አልፈዋል።

ግድቡ ላይ መረብ የሚጥል አንድ ሰው ይህን ስሠራ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። «ወንድሜ፣ ጥርሱን ካጠፋኸው አያመልጥህም?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኔም ፈርቼው ነበር። ገመዱ እስካልላላ ድረስ አያመልጥም። እኔ ካመለጡኝ ውስጥ አብዛኞቹ ያመለጡት ወደ እኔ ሲዋኙ ገመዱን ሳልሰበስብ ቀርቼ ነው። ቢልጫ የሚባለውን ዓሣ አንድ ይዤ አሳየሁት፤ እየሳበ 15 ሜትር ያህል ገመድ ወስዶብኝ፣ መጨረሻ ላይ እግሬ ሥር ሲመጣ መንጠቆዋ በንክኪ ወጣች። ሰውየው ዓሣውን ስለቅቀው ቅር አለው፤ እውነቱን ነው፣ እሱ ልጆቹን የሚያበላው ከዚህ ውሃ ነው። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የቆመው ይህ ግድብ ለብዙ ቤት ቆሮሶና ቢልጫም ይሰጣል። እዚያ ለፍላይ ብቻ የሚባል ክልል የለም፣ ይኑርም አልልም።

እኔን ግን የመልቀቅ ነገር የሚይዘኝ በሌላ ምክንያት ነው። ልጅ ሆነን፣ በጋ ላይ ወንዝ ሲጎድል፣ ትልልቆቹ ልጆች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬው ውስጥ ይበትኑ ነበር። ብርብራ ማለት ያው ቡናችንን የሚያጠላልን ዛፍ ነው። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ሁሉ ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይንሳፈፋል። እኛ የምንሰበስበው የእጅ ያህል የሆነውን ነው። የጣት ጥፍር የምታክለው ሁሉ እዚያው ቀርታ ዳሩን ነጭ አድርጋው ትደርቃለች። የዚያን ነጭ መልክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን የሚከለክለው ለዚህ ነው። የፔንስልቬንያው ደንብ ላይ ስለ አንድ መንጠቆ ጫፍ፣ ስለ 18 ጫማ ናይለን ሲጨቃጨቅ ሳነብ ብዙ ሰው «ምን ያካብዳሉ» ይል ይሆናል። እኔ አላልሁም። ትንሿም ዓሣ ተቆጥራ የወጣ ደንብ ነው።

ፋብሪካው የሰጠኝ 12 ዝንብ ስለማይበቃ ራሴ መሥራት ጀምሬአለሁ፤ ሳጥኑን መግዛት ለሚያስብ ሰው ይህ ወጪውን ስለሚቀንስ ልንገረው። የሰዓት ሞርሳዬ መንጠቆ ቁጥር 14ን በደንብ ይይዛል። በመንጠቆ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ 12፣ 14 እና 16 ካሉ ለባሌ ትራውት ይበቃሉ። ላባው ከሐሙስ ገበያ ነው። አዳምስ የምትባል ዝንብ አለች፤ ሊዮናርድ ሃላዴይ የሚባል ሰው በ1922 ሚሺጋን ውስጥ የሠራት፤ የቀይ አውራ ዶሮና የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ አንድ ላይ ተጠምጥሞ ነው የምትወጣው። ሁለቱም ጅማ ገበያ ላይ ሞልተዋል። ገብስማውን ስመርጥ ሻጯ ክንፉን እየገለጠች ሥጋውን ልታሳየኝ ትሞክራለች፣ እኔ አንገቱን እያየሁ ነው። ጥሩው ላባ ረጅምና ጠባብ፣ ሲታጠፍ ክሮቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ነው፤ ከጫጩትና ከእንስት አይገኝም። ዶሮው ለበዓል ይታረዳል፤ የአንገቱ ቆዳ በጨው ደርቆ ሱቄ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከአንድ አንገት ብዙ ዝንብ ይወጣል። ክሩ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ያለው በጣም ቀጭኑ ነው፣ ሰም በስሱ የተቀባ።

ባሌ የሄድሁት በሶዶ፣ በሻሸመኔ፣ በዶዶላ አድርጌ ነው፤ ሩቅ ነው፣ ጀርባ ይሰብራል። የዌብ ትራውት በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ የገባ ዘር ነው፤ ቡናማውም ቀስተ ደመናማውም አለ። ዲንሾ አካባቢ ጠዋት ውሃው እጅ ያደነዝዛል። የሳጥኑን ዘንግ፣ የተመዘነውን ገመድ፣ ጅማ የሠራኋትን አዳምስና ከፋብሪካው ዝንቦች ሁለቱን ይዤ ገባሁ፤ ሌላ ምንም አልያዝሁም። የፋብሪካዎቹን መጀመሪያ ሞክሬ ነበር፣ ገና በጥቂት ውርወራ ክራቸው ተፈታ። የገብስማዋን አስሬ ከአንድ ድንጋይ በላይ ጣልኋት። ተንሳፍፋ መጣች፣ ድንጋዩን አለፈች፣ ከዚያ ውሃው ትንሽ እንደ አፍ ከፈት አለ። 30 ሳንቲም የሚሆን ቡናማ ነበር፤ ጎኑ ላይ ያሉት ቀይ ነጥቦች በቀላል ቢጫ ተከበዋል። ከውሃ ሳላወጣው ዝንቧን በሁለት ጣቴ ያዝ ሳደርግ መንጠቆዋ ራሷ ወጣች።

ለሻጩ ደውዬ ነበር። በጨዋ ደንብ አስረዳሁት፤ ጽሑፉ ከፋብሪካው እንደመጣ፣ እሱም ዓሣ አጥምዶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ገንዘብ አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ የጎማዎቹንና የሊጡን ብልቃጥ ከሳጥኑ ለይቶ እንዲሸጥ፣ ክብደቱ ላይም እርሳስ መሆኑን እንዲጽፍ። አስብበታለሁ ብሏል። ዘንጉን፣ የፍላይ መጠቅለያውንና ገመዱን ብቻ ለብቻ የሚሸጥ ከሆነ ያለ ማመንታት ግዙ፤ ሙሉውን ሳጥን ብቻ ካለ ዋጋ ተከራከሩ፣ ግማሹ ዕቃ ለምትሄዱበት ውሃ አይሆንምና።

ስፒኒንጉንና ኳሱን ግድቡ ላይ ላገኘሁት ለዚያ መረብ ጣይ ሰው ሰጠሁት፤ ቆሮሶ ይዞበታል። የእርሳስ ቆርቆሮዋ መሳቢያዬ ውስጥ ተቆልፋለች። የእህቴ ልጅ ለጥምቀት ይመጣል፤ ዌብ አብረን እንወርዳለን ተባብለናል። እስከዚያ 20 አዳምስ ማድረስ አለብኝ፣ አሁን ሰባተኛዋ ሞርሳው ላይ ናት።